ከሰኔ ቆጠራ እስከ ጳጉሜን፦ ኮዳችንን ወደ ጊት ያዛወርንበት ማስታወሻ

ግንቦት 6 ቀን 2017

ዛሬ ወሰንን። ኮዳችን ከኤስቪኤን ወጥቶ ወደ ጊት ይገባል። ሁለቱም የኮድ ለውጥ ታሪክ የሚይዙ ፕሮግራሞች ናቸው። መቼ የሚለው ገና አልተቆረጠም።

ኮድ የምንጽፈው አራት ሰዎች ነን። ቢሯችን ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ለፋርማሲዎችና ለጅምላ ነጋዴዎች የመጋዘንና የሽያጭ ሶፍትዌር እንሠራለን። ደንበኞቻችን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልዲያ ናቸው። በዓመት ሦስት ሪሊዝ (ለደንበኛ የሚሰጥ አዲስ ስሪት) እናወጣለን፦ ጥቅምት፣ የካቲትና ሰኔ። ከባዱ የሰኔው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ይቆጥራል። የቆጠራ ቅጹና የዓመት መዝጊያው ሪፖርት ከዚያ በፊት እጁ መግባት አለበት።

ለምን እንደምንቀይር እዚህ ልጻፈው፤ ሥራው ሲከብደን እንዳንረሳ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሁላችንም ከከተማ ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ሰርቨሩም የለም። ኤስቪኤን ደግሞ ሙሉውን ታሪክ የሚያስቀምጠው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። እኛ ላፕቶፕ ላይ ያለው የመጨረሻው ኮድ ነው። አንዱ ባልደረባችን ላፕቶፑን ይዞ ደብረ ብርሃን ስለወጣ ኮዱ ተረፈ። ታሪኩን በተመለከተ የተገኘው ጋሼ (የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) አዲስ አበባ እኅታቸው ቤት ያስቀመጡት የሚያዝያ 2013 ዳምፕ (የኤስቪኤኑ ሙሉ ቅጂ) ነው። በመካከል ያለው ስድስት ወር ሥራ በአንድ ኮሚት (አንድ ጊዜ በተመዘገበ ለውጥ) ተጠቅልሎ ገባ። በኤስቪኤን ተራ ቁጥር ሪቪዥን 2310 ይባላል። ዛሬም አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ መንገዱ እዚያ ቁጥር ላይ ያልቃል።

ጊት ላይ ክሎን ያደረገ (ኮዱን ወደ ራሱ ማሽን የገለበጠ) ሰው ሙሉውን ታሪክ ይዞ ይሄዳል። አራት ላፕቶፕ ካለ አራት ቅጂ አለ ማለት ነው። ሌሎች ጥቅሞችም አሉት፤ ብራንች (ለብቻው የሚሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ማውጣትና መርጅ ማድረግ (መልሶ ማዋሃድ) ይቀላል፣ ኢንተርኔት ወይም ሰርቨር በሌለበት ኮሚት ማድረግ ይቻላል። እኔን ያስወሰነኝ ግን ያ ባዶ ክፍል ነው።

ግንቦት 14

የመጀመሪያ ሙከራ። ጊት ኤስቪኤን የሚባለውን መሣሪያ በዊንዶውስ ላፕቶፔ ላይ አስነሳሁና በቢሮው ዋይፋይ በኩል ከሰርቨሩ እንዲስብ ሰደድኩት። ሪቪዥን 87 ላይ ቆመ። ምክንያቱ የደራሲዎች ዝርዝር ነው። ኤስቪኤን የሚያውቀው አጭር የመግቢያ ስም ብቻ ነው፤ ጊት ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ፋይል አስቀድሞ ይዘጋጃል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ስም ሲያገኝ መሣሪያው እዚያው ይቆማል።

ከሎጉ (ከኤስቪኤን የለውጥ መዝገብ) ላይ የመግቢያ ስሞቹን ሁሉ አወጣሁ። ለሰባት ሰዎች 13 ስም አለ። "አድሚን" የሚለውን ሦስት ሰው ተጠቅሞበታል። ከእኛ ጋር የሌሉ ሁለት ልጆች አሉ፤ ደውዬ የትኛው ስም የማን እንደነበር ጠየቅኋቸው። ግማሽ ቀን ሄደ። አልቆጨኝም። ሰው የሠራው ሥራ በስሙ መቆየት አለበት።

ግንቦት 21

ዋይፋዩንም ዊንዶውሱንም ተውኩ። የሪፖዚተሪውን (ኮዱና ታሪኩ የሚቀመጡበትን ማኅደር፣ ባጭሩ ሪፖ) ሙሉ ቅጂ ኡቡንቱ ያለበት ዴስክቶፕ ላይ አምጥቼ ከራሱ ዲስክ እንዲያነብ አደረግሁት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዋይፋይ ሌሊቱን ሙሉ 1640 ላይ ብቻ የደረሰው ሥራ እዚህ በሁለት ሰዓት ገደማ አለቀ። መካከል ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ጥሩነቱ ከቆመበት ይቀጥላል። የዩፒኤሱ ባትሪ ግን ሞቷል፤ አምስት ደቂቃ አልያዘም። አዲስ ባትሪ 2,900 ብር።

ውጤቱን ስከፍት ሦስት ነገር አየሁ።

ከሪቪዥን 212 በፊት ያለው ታሪክ አልመጣም። ድሮ ኮዱ ሥሩ ላይ ተበትኖ ነበር የሚቀመጠው። በኋላ ነው ለዋናው ኮድ ትራንክ የሚባል ፎልደር ተሠርቶ ፋይሎቹ አንድ በአንድ የተዛወሩት። መሣሪያው ያንን ዝውውር መከተል አልቻለም። ሁለተኛ፣ ታጎቹ (የየስሪቱ ምልክቶች) በሙሉ ብራንች ሆነው መጡ። ኤስቪኤን ውስጥ ታግ ማለት የፎልደር ቅጂ ስለሆነ ነው፤ ወደ እውነተኛ ታግ የሚቀይር ስክሪፕት መጻፍ አለብን። ሦስተኛው ያስደነግጣል። ሪፖው 1.9 ጊጋባይት ነው። ይህን ክሎን አድርጉ ብዬ ለማንም መስጠት አልችልም።

ግንቦት 25

ስብሰባ፤ ቀን ቆረጥን። የሰኔው ሪሊዝ ሰኔ 24 ይወጣል። ቅዳሜ ሐምሌ 5 እናዛውራለን። ሪሊዙ ወጥቷል፣ የሚቀጥለው ጥቅምት ነው፣ መካከሉ ባዶ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

የድጋፍ ስልኩን የምታነሣው ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። "ሐምሌ ላይ እኮ ስልኬ አያርፍም፤ ይኼ አያሳስባችሁም?" አለች። እኔ "ስልክ ሌላ፣ ኮድ ሌላ" ብዬ አለፍኩት። ስህተት እንደነበር ከታች እጽፋለሁ።

ሰኔ 3

ሌላ ስህተት። ጊዜ ላትርፍ ብዬ የቢልድ ስክሪፕቱን (ከኮዱ ኢንስቶለር የሚሠራውን) ለኤስቪኤንም ለጊትም እንዲሠራ አድርጌ ነካካሁት። ጠዋት የወጣው የሙከራ ቢልድ የቨርዥን ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ፈታኟ ልጅ ኢንስቶለሩ ለምን እምቢ እንዳላት ስትፈልግ ግማሽ ቀን አጠፋች። ሪሊዙ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ወዲያው መለስኩት።

ከዛሬ ጀምሮ ደንብ አለን። ከሪሊዝ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ሁላችንም የምንጋራው ነገር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ የቢልድ ስክሪፕቱና ሁኩ (ኮሚት ሲገባ በራሱ የሚነሣው ስክሪፕት)፣ አይነካም። የዝውውሩ ሙከራ የሚካሄደው በቅጂ ላይ፣ ለብቻው ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ሰኔ 9

የ6.4፣ ማለትም የሰኔው ሪሊዝ፣ ብራንች ተቆረጠ። ዝውውሩ ቆሟል። ሁላችንም ቆጠራው ላይ ነን።

ሰኔ 24

6.4 ወጣ። ኢንተርኔት ላላቸው በራሱ ይወርዳል። ለሌሎቹ በፍላሽ ነው። ሸዋ በርና ሰኞ ገበያን በባጃጅ አዳረስን፤ ኮምቦልቻ አንዱ ልጅ በሚኒባስ ሄደ። ወልዲያ ነገ።

ሐምሌ 3

ሰኞ ገበያ ያሉ አንድ ሐጂ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ። "ልጄ፣ ቆጠራው ላይ ሳሙናዬ በካርቶን 39 ይላል፣ በፍሬ ደግሞ 38 ካርቶን ተኩል ይለኛል። የትኛውን ልመን?" አሉኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከፍሬ ወደ ካርቶን ሲቀየር የተከፈተ ካርቶን ወደ ላይ ይጠጋጋል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አብሽር፣ ብቻ ዛሬ አድርስልኝ፤ ኦዲተሩ ሐሙስ ይመጣል" አሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው። የሚቀጥለውን ሐሙስ ማለታቸው እንደሆነ አረጋግጬ ትንሽ ተነፈስኩ። ፓቹ (እርማቱ) በዚያው ቀን ማታ ሄደ።

6.4 ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ይህ አራተኛው ፓች ነው። የዝውውሩ ቀን ደግሞ ከነገ ወዲያ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ብናዛውር ሰኞ አንድ ደንበኛ እንዲህ ሲደውል ምን ይሆናል? ፓች የሚሠራው 6.4 ብራንች ላይ ነው። ከዚያ ወደ ትራንክ መርጅ ይደረጋል። የትኛው ፓች መርጅ እንደተደረገ ኤስቪኤን በራሱ መዝገብ ይይዛል። ያ መዝገብ ወደ ጊት ሲሄድ እንደ መርጅ ታሪክ ሆኖ በትክክል አይገባም። ስለዚህ ግማሹ መርጅ ሆኖ ግማሹ ሳይሆን ከተዛወርን፣ የቀረውን በእጅ መለየት ሊኖርብን ነው። ያውም ገና ጊትን ባልለመደ እጅ፣ ኦዲተር ደጃፍ ላይ ቆሞ።

ቀኑን ሰረዝኩት። ለጋሼ ነገርኳቸው። "መቼ ታድያ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ሐምሌ 12

መልሱን ከራሱ ከኤስቪኤን ሎግ ልፈልግ አልኩ። በ2014፣ በ2015ና በ2016 የወጡትን ሪሊዞች ወሰድኩ። ከእያንዳንዱ ሪሊዝ በኋላ ብራንቹ ላይ በሳምንት ስንት ኮሚት እንደገባ ቆጠርኩ።

የጥቅምትና የየካቲት ሪሊዞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረጋጋሉ። የሰኔው ግን አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኮሚቱ ጥቂት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይበዛል። ስድስተኛው ሳምንት ላይም አንድ ሁለት ይገኛል። በሦስቱም ዓመት የመጨረሻው ፓች የገባው ነሐሴ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ነጋዴው 6.4ን ሰኔ 24 ይጭነዋል፤ የሚጠቀምበት ግን በኋላ ነው። ሰኔ 30 ይቆጥራል። ሐምሌን ሙሉ ልዩነቱን ያስታርቃል። ከዚያ ኦዲተር ይመጣል። የዓመት መዝጊያ ሪፖርቱን የሚከፍተው ያኔ ነው። ስህተት የሚገኘው ነገሩ በተጫነ ጊዜ ሳይሆን በተሠራበት ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ ሪሊዝ አለቀ የምንለው ፍላሹን ባስረከብን ቀን ነበር።

የድጋፏ ልጅ ግንቦት ላይ ይህንኑ ነበር የነገረችኝ። ዛሬ ሄጄ ልክ እንደነበረች ነገርኳት። የስልክ መዝገቧንም ተቀበልኳት። የሷ ደብተርና የእኔ ሎግ ሳምንት በሳምንት ይገጣጠማሉ። ከእንግዲህ ቀን ስንቆርጥ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል።

ሐምሌ 22

ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ጦሳ ከታየ ሦስት ቀኑ። መብራት በቀን ሁለቴ ይሄዳል፤ አዲሱ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ይይዛል። በዚህ መካከል ሁለተኛው ልምምድ አለቀ። ይህን ሳምንት በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

መጀመሪያ መጠኑ። 1.9 ጊጋባይቱን የበላው ምን እንደሆነ ፈለግሁ። የድሮ ኢንስቶለሮች አሉበት። ከሁሉ የባሰው ግን 210 ሜጋባይት የሆነ የአንድ ፋርማሲ ዳታቤዝ ባክአፕ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባግ ለመፈለግ መጥቶ ከኮዱ ጋር ኮሚት ተደርጓል። በማግስቱ ተሰርዟል፤ ከታሪኩ ግን አልወጣም። ኤስቪኤን ላይ ሰርቨሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጥ ነበር። ጊት ላይ ክሎን ባደረገ ሰው ሁሉ ላፕቶፕ ውስጥ ይገባ ነበር። የሰው የመድኃኒት ሽያጭ መዝገብ ነው። ይህን ሳላየው ብናዛውር ኖሮ ይቅር የማልለው ጥፋት ነበር። ጊት ፊልተር ሪፖ በሚባለው መሣሪያ ከታሪኩ አወጣነው። ሪፖው 140 ሜጋባይት ሆነ።

ይህ መሣሪያ ግን የዝውውሩን ዕቅድ ቀየረው። ታሪኩን እንደገና ስለሚጽፈው የኮሚቶቹ የሐሽ ቁጥር (ጊት የሚሰጣቸው መለያ) ሁሉ ይቀየራል። አንዴ ከተጣራ በኋላ ከኤስቪኤን አዲስ ኮሚት እየሳቡ መቀጠል አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ይህን አላወቅሁም፤ አጣርቼ መሳብ ስሞክር ተበላሸ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ሁለት ነገር ለየን። አንዱ ያልተጣራ መስተዋት ነው፤ በየማታው ከኤስቪኤን የዕለቱን ኮሚት ይስባል። ሌላው የሱ ቅጂ ነው፤ ማጣራቱ የሚካሄደው ቅጂው ላይ ብቻ ነው። ትርፉ ይህ ነው፦ በዝውውሩ ቀን የቀረው የአንድ ቀን ኮሚት መሳብ፣ ማጣራትና መፈተሽ ብቻ ይሆናል። ሥራ የሚቆምበት ጊዜ ከአራት ቀን ወደ አንድ ቀን ተኩል ወረደ።

ቀጥሎ ፍተሻው። 23 ታግ አለን። ለእያንዳንዱ ከኤስቪኤን የወጣውን ፎልደርና ከጊት የወጣውን ጎን ለጎን የሚያወዳድር ስክሪፕት ጻፍኩ። መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልዩነቶች አወጣ። አብዛኞቹ ኤስቪኤን ፋይል ሲያወጣ ራሱ የሚሞላቸው የቀንና የቁጥር መስመሮች ናቸው፤ እንዳይሞላ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን ስንጨምር ጠፉ። የመስመር መጨረሻ ምልክቱ የዊንዶውስና የሊኑክስ እየሆነ የተምታታም ነበር፤ በጊት አትሪቢዩትስ ፋይል አስተካከልነው።

አንዱ ልዩነት ግን እውነተኛ ነበር። ጊት ባዶ ፎልደር አይዝም። ደረሰኝ ከመታተሙ በፊት ጊዜያዊ ፋይል የሚቀመጥበት ባዶ ፎልደር ነበረን። ከጊት የተሠራው ቢልድ ደረሰኝ ላትም ሲል ይዘጋል። ፎልደሩ ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል አስቀመጥንና ተፈታ። ደንበኛ ዘንድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አንድም ሱቅ ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም ነበር።

የመጨረሻው ነገር የቨርዥን ቁጥሩ ነው። ደንበኛ ሲደውል "ቁጥሬ 4118 ነው" ይላል። ያ የኤስቪኤን ሪቪዥን ነው። ጊት እንዲህ ያለ ተራ ቁጥር የለውም፤ ያለው 40 ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ሐሽ ነው። ያንን በስልክ አንብቡልኝ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የኮሚቶቹን ብዛት እንጠቀም አልን። ትራንኩ ላይ ሲቆጠር 3106 ሆነ። ሙከራ ላይ አፕዴተሩ አልጭንም አለ። ምክንያቱን ስናይ፣ አፕዴተሩ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው መብለጡን ያያል፤ 3106 ከ4118 ያንሳል። ልክ ነው ያደረገው። ብዛቱ ላይ 2000 እንዲደመር አደረግን። ደንበኛው የሚያየው 5106፣ 5107 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ 5 ሺ ካለፈ ከጊት የተሠራ መሆኑን እኛም በስልክ እናውቃለን።

ከ212 በፊት ላለው ታሪክ ብዙ ደከምኩ። ሕግ ጽፎ በእጅ ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለት ሳምንት ይበላል። ጋሼ "የኤስቪኤኑ ዳምፕ ካለ ምን ጎደለ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ዳምፑ ሳይነካ ይቀመጣል።

ከ11 የደንበኛ ብራንቾች ደግሞ ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። የቀሩት ስማቸው "አሮጌ" በሚል ቀድሞ ታግ ሆነው ይገባሉ።

ነሐሴ 2

ቀን መቁረጥ፣ ሁለተኛ ዙር። ዛሬ ቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ደብተሩን ከፍተን ተቀመጥን።

ከኋላ ያለው ወሰን የሰኔው ሪሊዝ ጅራት ነው። ስልኩም ፓቹም መቀነስ ጀምረዋል፤ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ግን አልነካም። ከፊት ያለው ወሰን የጥቅምቱ ሪሊዝ ነው። ብራንቹ መስከረም 16 ይቆረጣል። ሁሉም ሰው ጊትን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለምዶ ወደዚያ ቢገባ ይሻላል። የአራት ሳምንቱን ደንብ ሪሊዙ ከሚወጣበት ከጥቅምት 5 ወደ ኋላ ስንቆጥር መስከረም 7 ላይ፣ ሁለት ሳምንቱን ከመስከረም 16 ወደ ኋላ ስንቆጥር ደግሞ መስከረም 2 ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በር የተከፈተልን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ብቻ ነው።

እዚያም ውስጥ ሰው አለ። የሪፖርቱን ክፍል የምትሠራው ልጅ ላስታ ነው ቤተሰቧ። ነሐሴ 16 አሸንድዬ ነው፤ ሰቆጣ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል። እኅቶቿ ይጨፍራሉ፤ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ ዘንድሮም ትሄዳለች። እሷ ሳትኖር ደግሞ የዓመት መዝጊያ ሪፖርቱን የሚፈትሽ ሰው የለም። በወሩ መጨረሻ መውሊድ ነው፤ ሁለቱ ልጆቻችን ያከብራሉ። በመካከል የቀረው ዓርብ ነሐሴ 23 ነው። ዓርብ ማታ እንዘጋለን፣ ቅዳሜ እንሠራለን፣ እሑድ መጠባበቂያ ነው፣ ሰኞ ነሐሴ 26 እንከፍታለን።

የመመለሻ ሰዓትም ቆረጥን። ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ከባድ ነገር ካጋጠመ ኤስቪኤንን ከፍተን እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ጊት ላይ የገባ ሥራ ስለሚበዛ መመለስ የለም፤ የሚገጥመንን እዚያው እናስተካክላለን።

ነሐሴ 12

ሥልጠና፣ ሙሉ ቀን። ልምምዱ ላይ የተሠራውን ሪፖ ተጠቀምንበት፤ ቢሰበርም ግድ የለም። ሁላችንንም ያደናገረን አንድ ነገር ነው። ኤስቪኤን ላይ ኮሚት ካልክ ሰርቨር ገብቷል ማለት ነው። ጊት ላይ ኮሚት ያለው ያንተው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ፑሽ እስክታደርግ ሌላው አያየውም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች "ልኬልሃለሁ"፣ "አልደረሰኝም" ሲባባሉ ቆዩ። በትልቁ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው፦ "ወደ ቤት ከመሄድህ በፊት ፑሽ።"

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ በረካው ላይ፣ ስለ መርጅ ኮንፍሊክት (ሁለት ሰው አንድ መስመር ሲነካ ስለሚፈጠረው ግጭት) አንድ ሰዓት ተወያየን። ከጠዋቱ ትምህርት ይልቅ እዚያ ላይ ነው የገባን።

ወጪ እስካሁን፦ ባትሪ 2,900፣ የ1 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ 7,400፣ ለመስተዋቱ የኢንተርኔት ጥቅል 1,200። ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ጊቲ (የጊት ሪፖዎችን የሚይዘው ፕሮግራም) ነጻ ነው፤ ያለው አሮጌ ማሽን ይበቃዋል።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

10 ሰዓት። የመጨረሻ ኮሚት ተባለ። የእያንዳንዱን ላፕቶፕ ዞሬ ያልገባ ሥራ እንዳለ አየሁ። አንዱ ጋ ሦስት ሳምንት የቆየ፣ ግማሽ የሆነ የባርኮድ ሥራ ተገኘ። ኮሚት ለማድረግ አልደረሰም። ወደ ፓች ፋይል አውጥተን አስቀመጥነው፤ ሰኞ ጊት ላይ ይጫናል። ይህን ፍተሻ ባናደርግ ኖሮ ሥራው ከአሮጌው ፎልደር ጋር ይረሳ ነበር።

12 ሰዓት። ኤስቪኤንን ማንበብ ብቻ አደረግሁት። የፈቃድ ፋይሉን ቀይሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ለመሞከር ኮሚት ላድርግ አልኩ፤ ከለከለኝ። የመጨረሻው ሪቪዥን 4131 ነው።

1 ሰዓት። ሙሉ ዳምፕ ወደ አዲሱ ዲስክ። ዳምፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሼ ጭኜ እንደሚከፈት አየሁ። ያልተሞከረ ባክአፕ ላይ ከእንግዲህ አልተማመንም።

3 ሰዓት ከሩብ። መብራት ሄደ። መስተዋቱ ስቦ ጨርሶ ነበር። ወደ ቤት ሄድን።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ማጣራቱ ጠዋት ተጀምሮ ከቀኑ አምስት ሰዓት በፊት አለቀ። 23ቱ ታጎች ተወዳደሩ። 22ቱ ልክ ናቸው። 5.1 ላይ አንድ ፋይል ልዩነት አለው። ሁለት ሰዓት ፈለግን። አንድ ሰው ታጉን ካወጣ በኋላ ታጉ ውስጥ ገብቶ ፋይል አርሞ ነበር። ኤስቪኤን ታግንም እንደማንኛውም ፎልደር ስለሚያይ አይከለክልም። የእኛ ስክሪፕት ደግሞ የመጀመሪያውን ኮሚት ነበር የወሰደው። ታጉን ወደ ታረመው አዛወርነው።

ከላስታ የተመለሰችው ልጅ የዓመት መዝጊያ ሪፖርቱን በሦስት ደንበኞች ዳታ ፈተሸች። ከአሮጌው ጋር ሳንቲም አልተለያየም። ማታ ወደ ጊቲ ፑሽ አደረግን። እሑድ አላስፈለገም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ሁሉም ክሎን አደረገ። የባርኮዱ ፓች ያለ ችግር ተጫነ። የመጀመሪያው እውነተኛ ኮሚት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገባ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቀን ነው ደስ ያለን።

ጳጉሜን 3

ከጊት የወጣ የመጀመሪያ ፓች ደንበኛ ጋ ሄደ፤ ግን ስህተት ነበረበት። ሐይቅ ያለች ባለ ፋርማሲ ደንበኛችን "እርማቱ የለም እኮ" አለችን። አየነው። ፓቹን የሠራው ልጅ ፑሽ አድርጓል። ኢንስቶለሩን ያወጣው ልጅ ግን ፑል ሳያደርግ (አዲሱን ለውጥ ከሰርቨሩ ሳያመጣ) ከራሱ ላፕቶፕ ነው ቢልድ ያደረገው። ኤስቪኤን ላይም ሊሆን ይችል ነበር፤ ለውጡ አዲስ ስለሆነ ግን አሁን ደረሰ። ሁለቱም ልጆች አዘኑ፤ ጥፋቱ ግን የአሠራሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የሚሄድ ነገር የሚወጣው ከአንድ የቢልድ ማሽን፣ ከታግ ላይ ብቻ ነው። ታግ የሌለው ኢንስቶለር ፍላሽ ላይ አይገባም። ለሐይቋ ደንበኛ በማግስቱ አደረስን።

መስከረም 16 ቀን 2018

የ6.5 ብራንች ጠዋት ተቆረጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጊት። ደንበኞች ዘንድ ያለው ቁጥር 5131 ደርሷል። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 ስለሆነ ከተማው በእንግዳ እየሞላ ነው፤ ሆቴሉ ሁሉ ተይዟል፤ በዚህ ሳምንት የምናንቀሳቅሰው ነገር የለም።

ኤስቪኤኑ እስከ ጥር ድረስ ለማንበብ ብቻ ተከፍቶ ይቆያል። ከ212 በፊት ያለውን ለማየት እስካሁን ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ። ዲስኩን ዛሬ አንዱ ልጅ ወደ ኮምቦልቻ ወሰደው፤ ሌላ ቅጂ ለጋሼ እኅት አዲስ አበባ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡና "ለእኔም አድርጉልኝ" አሉ። ኮድ አይጽፉም። ክሎን አደረግንላቸው፤ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሪቪዥን 2310 የነበረውን ኮሚት አውጥተን አሳየናቸው። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩትና ላፕቶፑን ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።